የልጄ እንቁላልና የእኔ ጾም

በዚያ ዓመት ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟ ደግሞ ገና አራት መሙላቱ ነው። ከጎሮ ወጥተን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ባለቤቴ ትልቅ ነጭ ወረቀት ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በጠርሙስ ክዳን እየለካ አርባ አራት ክብ ሣለበት። ልጆቹ ማታ ማታ አንዳንድ ክብ ቀለም ይቀባሉ፤ ሁሉም ተቀብቶ ሲያልቅ ገና ይሆናል።

«ነቢያት ጌታ እስኪወለድ እየጾሙ ጠበቁ» አላቸው። «እኛም እንጠብቃለን።»

ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። እኔ በልጅነቴ ጾምን ማንም ተቀምጦ አስረድቶኝ አያውቅም። ሥጋና ወተት ከቤት ይጠፋል፣ ትልልቆቹ እህል ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ፤ እኔም አንድ ዓመት ላይ ከእነሱ እንደ አንዷ ሆኜ ተገኘሁ። ስለዚህ ባለቤቴ ሲያስረዳቸው ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ልጆቹ ከሰሙት ውስጥ ምኑን ይዘው እንደቀሩ ግን አላሰብኩም።

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም አይገደድም። ለትልቋ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ እንደ ወትሮው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እከትላታለሁ፤ በኮዳዋ ወተት እሞላላታለሁ። ማታ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል። ልጄ በልታለች ብዬ አጥበዋለሁ።

ጾሙ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ መምህሯ ደወለችልኝ። ጉርድ ሾላ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ሰዓቱ ስምንት አልፏል፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።

«ቤት ውስጥ የተለየ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ግን ዳቦውን ብቻ ነው የምትበላው። እንቁላሉንና ወተቱን አጠገቧ ለምትቀመጠው ልጅ ትሰጣለች። ዛሬ ለምን ብዬ ስጠይቃት ‹እየጠበቅኩ ነው› አለችኝ።»

የዚያን ቀን ከሥራ ስወጣ የታክሲው ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። ቤት ስደርስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጀመርኩ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«አልዋሸሁም። በላሽ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኳትም። ይህም ይበልጥ አናደደኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ አትጾሚም። አለቀ።»

«ሁላችሁም ትጠብቃላችሁ፤ እኔ ብቻ ነኝ የማልጠብቀው።»

«እኔም አልጠብቅም» አለ ወንድሟ፣ አፉን በእንቁላል እንደ ሞላ።

ምን ምን እንዳልኩ አሁን ሁሉንም አላስታውስም። ድምፄ ከፍ ማለቱን ግን የማውቀው ባለቤቴ ተነስቶ የበረንዳውን በር ስለዘጋው ነው። ልጄ አላለቀሰችም። ሄዳ አልጋዋ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ቁርስ ላይ እንቁላሉን ሳቀርብላት ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ቀጥሎ ባለው ቀንም እንዲሁ። ሲብስብኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ጋ ይዣት ሄድኩ። እሳቸው ከጎሮ ጀምሮ የሚያውቁን አባት ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆች ያጠመቁልን እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ከተቆጧት ትሰማለች ብዬ ነው።

መስቀል ተሳልመን ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው አጎንብሰው ወደ እሷ ዞሩ።

«ማን ጹሚ አለሽ፣ ልጄ?»

«ማንም።»

«ታዲያ እንቁላል አትወጂም?»

«እወዳለሁ» አለች፤ ትንሽ አሰብ አደረገችና «በጣም እወዳለሁ» ብላ ጨመረች።

ፈገግ አሉ። «ሰባት ዓመት ሲሞላሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ፤ ያኔ እኔው አስጾምሻለሁ። እስከዚያ እናትሽ የሰጠችሽን ብይ።» ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «አንቺስ? እንዴት ነው ጾሙ?»

«ይመስገን፣ አባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፤ አንዳንዴ እስከ ማታም።» ይህን ስናገር ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር፤ አልዋሽም።

ልጄ የነጠላዬን ጫፍ እንደ ያዘች «እማዬ ስትጾም ትቆጣናለች» አለች።

ለመክሰስ ብላ አይደለም የተናገረችው። ዛሬ ፀሐይ ነው እንደምትለው ነው ያለችው። ፊቴ ጋለ። አጠገባችን ቆመው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ የሰሙ መሰለኝ። የንስሐ አባታችን ግን አልገሠጹኝም። ይልቁንስ፣

«ከነገ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲሆን ብይ» አሉኝ።

«አባ፣ ጤነኛ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳሽን ብይና፣ ማታ ልጆችሽ ጋ ሰው ሆነሽ ግቢ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለታችንም አኩርፈን ነበር፤ እሷ ብይ ስለተባለች፣ እኔም ብይ ስለተባልኩ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አፍሬ ነበር። ሰኞ ቢሮ ውስጥ ስድስት ሰዓት ላይ ሽሮዬን ስከፍት፣ አብራኝ የምትሠራው ሴት ቀና ብላ አይታኝ መልሳ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። አሞኝ ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት። ለካ ስንት ዓመት ስጾም፣ የሰው ዓይንም ይዞኝ ነበር።

ልጄ እንቁላሏን መብላት ጀመረች። እኔም ማታ ስገባ ጉልበት ይተርፈኝ ጀመር፤ ቀለሙን አብሬያቸው ተቀምጬ መቀባት ያዝኩ። ቀድሞ ያንን ጊዜ ወጥ ቤት ቆሜ «ቶሎ በሉ፣ ተኙ» እያልኩ ነበር የማሳልፈው።

አንድ ቅዳሜ ትንሹን ይዤ ጉርድ ሾላ ጫማ ልገዛለት ሄድኩ። የሱቆቹ በር ላይ የፕላስቲክ ጥድ ቆሞ፣ መብራት ተጠምጥሞበት አየ። ቤት ገብተን ወጥ ቤት ስለ ነበርኩ አላየሁትም እንጂ፣ ወንበር አስጠግቶ የቀሩትን ክቦች በሙሉ በአረንጓዴ ቀባቸው። ጾሙ ሊያልቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀረዋል። እህቱ አይታ ስትጮህ ሮጬ መጣሁ።

«ገና መጥቷል» አለኝ ትንሹ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ቆመ። «ሱቁ ጋ አይቼዋለሁ።»

እህቱ ታለቅሳለች። «አበላሸው። አሁን በምን እንጠብቃለን?»

ከጥቂት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሁለቱንም ሳብኳቸው። ሱቁ ስለቸኮለ ገና እንደማይመጣ ለትንሹ ነገርኩት፤ ያመነኝ አይመስለኝም። ከዚያ ልጄን «ምን ይሻላል?» አልኳት። እሷም እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አነሳች፣ ገለበጠችው፤ የጠርሙስ ክዳን አምጪልኝ አለችኝ። የቀሩትን ቀናት አባቷን እየጠየቀች ራሷ ሣለቻቸው። ክቦቹ አንዱ ሌላው ላይ ወጥተዋል፤ ለወንድሟም ከታች ጥግ ላይ እንደ ልቡ የሚቀባው ትልቅ ክብ ሰጠችው።

የገና ጠዋት ዶሮው ሲቀርብ እንቁላሉን ለማን እንደምሰጥ ሁሉም ያውቁ ነበር። ለእሷ አወጣሁላት። እሷ ግን ለሁለት ቆረሰችው፣ ግማሹንም ለወንድሟ ሰጠችው። በኋላ ጠጋ ብላ፣ ትምህርት ቤት አጠገቧ የምትቀመጠዋ ልጅ እንቁላሉ ስለቀረባት ተከፍታ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ያችን ልጅ አንድም ቀን አስቤያት አላውቅም ነበር። ትምህርት ሲከፈት ሁለት እንቁላል ከተትኩላት።

ሰባት ዓመቷን ስትሞላ የንስሐ አባታችንን ቃል አልረሳችም፤ ሄዳ ነገረቻቸው። ዘንድሮ እስከ ምሳ ሰዓት ትጾማለች። እኔም ስድስት ሰዓት ላይ እበላለሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓቱ ልመለስ ወይ ብዬ አንድ ጊዜ አባን ብጠይቃቸው፣ «ልጆቹን ጠይቂያቸው» አሉኝ። እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።