የሳሎኑ ሹፌር

ሹፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አቃተው። ሳሎኑ ውስጥ ይንጎራደዳል፣ ያልተበላሸ የቧንቧ መጋጠሚያ ፈትቶ ያበላሻል፣ ሚስቱ ያስቀመጠችውን ዕቃ ቦታ ይቀይራል። ሴት ልጁ አዘነችለትና የቆየ ኮምፒውተሯን አምጥታ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘችለት፤ የአውቶቡስ ጌም ጭና ጆይስቲኩን እጁ ላይ አኖረችለት። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ከአጥር ጋር ተላተመ። በሳምንቱ ግን ተሳፋሪውን ጭኖ፣ ሰዓቱን ጠብቆ መናኸሪያ ይገባ ጀመር። ልጁ ብትስቅበትም ጫማውን ሳያደርግ አይነዳም።

ሚስቱ ሶፋው ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች። ድሮ፣ «አንድ ቀን እኔንም ይዘኸኝ ሂድ፤ የምትውልበትን አገር ልየው» ስትለው፣ ሥራ ነው እንጂ፣ ሽርሽር መሰለሽ እንዴ እያለ አሳልፏታል። እሷም ለምና ለምና ሲሰለቻት ተወችው። አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ተራራና ሐይቅ ሲያልፍ ስታይ ደስ ብሏት፣ ያቺን ቤት አየሃት ወይ ትለዋለች። እሱ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ዝም ያሰኛታል። ድሮ ይነዳው በነበረው አውቶቡስ ውስጥ «ሹፌርን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ሞኙ ሰውዬ ሕጉን ሳሎን ድረስ ይዞት መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከሐኪም ቤት ተመለሰች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ስማኝማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው።

ቁልቁለት ላይ ነበርና ጣቱን አነሣ። ትንሽ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ሃያ ደቂቃ ነድቶ፣ ተሳፋሪውን አራግፎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር ሲል የለችም። ማድ ቤት ሄዶ ምን ልትዪ ነበር ቢላት፣ አለፈ፣ ተወው አለችው። እሱም ተወው። እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር ያላለው ይህን መተዉን ነው።

ሦስት ወር ቆይቶ ሻይ ስትቀዳለት ከስኒው ውጭ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። ደነገጠና ልጁን ጠርቶ ጠየቃት። ልጅቱ አለቀሰች። ያን ዕለት ሐኪሙ፣ የዓይንሽ ነርቭ እየሞተ ነው፣ የምታዪው ለጥቂት ወር ነው ብሏት ኖሯል። እናት ልጇን እንዳትናገር አስምላታለች። «ሳይጨልምብኝ በሱ መንገድ አንድ ጊዜ ይዞኝ እንዲሄድ ልጠይቀው ነበር፤ ሥራ ላይ ሆነብኝ» ነበር ያለቻት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ ቲኬት ቆርጦ መጥቶ እንሂድ አላት። መስኮት ዳር ተቀምጬ ምን ላደርግ ብላ ሳቀች። በራሱ ተናዶ ጆይስቲኩን ሊጥለው ሲል ግን ከለከለችው፤ የሞተሩን ድምፅ ለምዳዋለች። ከዚያ ወዲህ እየነዳ ያወራላታል። በቀኝ በኩል ሐይቅ አለ፣ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት አለ፣ ልጆች እጃቸውን እያውለበለቡልን ነው ይላታል። ጌሙ ውስጥ ልጆች የሉም፤ ከራሱ ጨምሮላት ነው።

«የእውነቱ መንገድህስ እንዲህ ነበር?» አለችው አንድ ቀን።

ሊዋሻት አሰበና ተወው። አውቶቡሱን ዳር አቆመው።

«አላውቅም» አላት። «እኔ አስፋልቱን ነበር የማየው።»

«ይዘኸኝ ብትሄድ ኖሮ እነግርህ ነበር» አለችው።