ጀርመናዊቷን ጠንቋይ ስለ አባቴ ስጠይቃት

ከሰበታ የወጣሁ ሌሊት አባቴ ኤርፖርት አልመጣም። «እኔ ኤርፖርት በር ላይ ቆሜ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ እዚሁ ደጃፌ ላይ መርቄሽ ልግባ» አለ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ሚኒባሳቸውን አስነስተው ይጠብቃሉ። እናቴ በሶና ሽሮ የጠቀጠቀችበት ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ከዚፑ ጋር ትታገላለች፤ ወንድሜ ብሩክ ከማገዝ ይልቅ ቪዲዮ ይቀርጻታል። አባቴ ግንባሬን ሳመኝና «በይ ሂጂ፣ ብርድ ነው» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጩኸት መሀል ሲያወራ ኖሮ፣ ጸጥ ሲል ቃል ያጥረዋል።

የመጣሁት ጀርመን ነው፤ አረጋውያንን መንከባከብ እየሠራሁ ልማር። አውስቢልዱንግ ይሉታል። ያለሁበት ከተማ ትንሽ ነው። ከተማ ስላችሁ ሰበታን አስባችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ሰበታ ከዚህ ጋር ስትተያይ ለንደን ናት! እሁድ እሁድ ጎዳናው ላይ ሰው ያለቀ ይመስላል። ድሮ ረዳቱ «ዓለም ገና! ሰበታ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እያለ ጆሮዬ ስር ሲጮህ እናደድ ነበር። አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አይጮህ፣ ማንም «ጠጋ በይ» አይል፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሰዉ ቆሞ ይሄዳል። ብርዱንማ ተዉት። የሱሉልታ ብርድ፣ ብርድ ይመስለኝ ነበር፤ ሱሉልታን ይቅርታ ጠይቁልኝ።

ደግሞ ያለ ተርሚን የሚሆን ነገር የለም፤ ተርሚን ማለት ቀጠሮ ነው። ሐኪም በተርሚን፣ ፀጉር በተርሚን፣ ሻይ እንኳ በተርሚን። የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ቢሮ ሄጄ «ተርሚን መያዝ ፈልጌ ነበር» ስለው ሰውየው ቀና ብሎ «ለዚህ ተርሚን አለሽ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

እንዲህ ሆኜ እየኖርኩ ነው አባቴ ከስልክ የጠፋው። እሁድ እሁድ ቤት እደውላለሁ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስልኩን ተቀብሎ «በላሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ብሎ ይመልሰው ነበር። አንድ እሁድ ተኝቷል አሉኝ። በሚቀጥለው ወጣ ብሏል አሉኝ። ከዚያ እናቴ «ጠበል ገብቷል» አለች። «የት?» ስላት «ከሱሉልታ አለፍ ብሎ ነው፣ ተራራ ላይ። ኔትወርክ የለውም።»

የተሰደደ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ለምን ቀጥ እንደምትል ያውቃል። እኛ አገር ሰው ሲሞት ውጭ ላለው ልጁ በስልክ አይነገረውም። የአገሩ ሰው ተፈልጎ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ በሩ ተንኳክቶ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ወይ ገጠር ሄዷል፣ ወይ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ወይ ጠበል ገብቷል። ቋንቋ አብራኝ የተማረች ልጅ እናቷ ጠበል ገቡ ተብላ፣ የሰማችው ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ነው።

ሌላም ምልክት ነበር። የቡራዩዋ አክስቴ እታለማሁ ቤታችን ከርማለች፤ እሷ ደግሞ ያለ በዓልና ያለ ለቅሶ ሰበታን አትረግጥም። እናቴ «ከሳሽ» ብላ መቆጣቱን ትታ «ዋናው ጤና ነው ልጄ» ትላለች። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ብሩክ ነው፤ ደውዬ ምንም ሳይለምነኝ ስልኩን ዘጋ።

ማንን ልጠይቅ? ከተማው ውስጥ አንድ የአገሬ ሰው አላውቅም። ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ፤ «አባትሽ አንበሳ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብለው ወሬውን ወደ ቤንዚን ወረፋ አዞሩት። እህል አልወርድ አለኝ።

እንዲህ ባለው ሰሞን ነው ስልኬ ላይ የአንዲት ሴት ማስታወቂያ የመጣው። ማዳም ሴሊና ነኝ ትላለች፤ የጥንቆላ ካርታ ትዘረጋለች፣ የራቀውን ታያለች፣ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ በነጻ ነው። እንደናንተው ክርስቲያን ነኝ፣ ጠንቋይ ቤት መሄድ ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም። ግን የትም አልሄድኩማ! አልጋዬ ላይ ነኝ፤ ስልኬ ውስጥ የመጣችው እሷ ናት። ይህን እያልኩ ራሴን አሞኘሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? መጀመሪያ ተርሚን ያዢ!

እሁድ ከሰዓት ተራዬ ደረሰ። ቀይ ሻርፕ ያደረገች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የወረደ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ የምትመስል ሴት ናት። ከኋላዋ ድመት ተኝቷል።

«ማንን ነው የምንፈልገው?»

«አባቴን። በሕይወት መኖሩን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ቤተሰብ የለሽም? ለምን እነሱን አትጠይቂም?»

«አይነግሩኝም።»

«ለምን?»

«ስለሚወዱኝ።»

ካርታ ማገላበጧን አቁማ በመነጽሯ አናት አየችኝ። «የት ነው ያሉሽ?»

በተሰባበረ ጀርመንኛዬ አስረዳኋት፤ ተራራ ላይ ነው፣ የተቀደሰ ውሃ አለ፣ የታመመ ሰው ይሄዳል። ዓይኗን ጨፈነች።

«አየዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ አለ። ነጭ የለበሱ ብዙ ሰዎች ከበውታል። ሕመሙ ለቆታል። ሰላም ላይ ነው። ልጄ አትጨነቂ ይልሻል።»

ከዚያ ፊቷ ጠፋና ለመቀጠል የባንክ ካርድሽን አስገቢ የሚል ጽሑፍ መጣ።

ነጭ ለባሾች ከበውት! ሰላም ላይ ሆኖ! መላእክት መሀል ሆኖ ታየኝ። የጠበል ሰው ሁሉ ነጠላ እንደሚለብስ፣ ውሃውንም የነገርኳት ራሴ እንደሆንኩ ያሰብኩት በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ «አባዬ! አባዬን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። አንድ ሰሞን ሙሉ አንቄ የያዝኩት ሁሉ ነው የወጣው።

በሩ ተንኳኳ። ከታች የምትኖረው አከራዬ ፍራው ክራውዘ ናት።

«ዛሬ እሁድ ነው» አለችኝ።

«አባቴ ሞተ።»

ደነገጠች። ትከሻዬን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችኝ። «በጣም አዝናለሁ። ግን እሁድ ሩሄታግ ነው፤ የጸጥታ ቀን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሆን ችግር የለውም።»

ክፋት የላትም፤ ደንቡን ማስረዳቷ ነው። ሰበታ እንዲህ ብጮህ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ይመጣ ነበር። እዚህም ጎረቤቴ ሮጣ መጣች፤ ዝም በይ ልትለኝ። መስኮቱን ዘግታልኝ ወረደች።

ስልኬን አንስቼ ቤት ደወልኩ። እናቴ ገና «ሄሎ» ሳትል «እማዬ፣ አባዬን! አባዬን አጣሁት!» ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ከእጇ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ የእናቴ ዋይታ መጣ፤ የእታለማሁ ተከተለ። በቃ፣ እውነት ነው አልኩ።

ለካ እናቴም ከተራራው ስለ አባቴ ወሬ ሳትሰማ ቀናት አልፈው ነበር። የሰፈር ሰው ሞት ከሰፈሩ በፊት ውጭ አገር በፌስቡክ የሚሰማበት ዘመን አይደል? ወሬው ለልጄ ቀድሞ ደረሳት ብላ ነው። እሷ ስታለቅስ እኔ አመንኩ፤ እኔ ሳለቅስ እሷ አመነች።

የሆነውን ብሩክ በኋላ ነገረኝ። ኦቦ ገመቹ በባዶ እግራቸው ሮጠው ደረሱ። እድርተኛው ድንኳን መትከል ጀመረ። ብሩክና ኦቦ ገመቹ ሬሳ ሊያመጡ በሚኒባሱ ወደ ሱሉልታ በረሩ። አባቴን ያገኙት ጄሪካን ይዞ ወረፋ ላይ፣ ከፊቱ የገባን ጎረምሳ ሲቆጣ ነው። ኦቦ ገመቹ «ያ ዋቃ!» ብለው አምላካቸውን ጠርተው መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

ማታውኑ ይዘውት ሰበታ ገቡና አባቴ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ የራሱ አይደለም፤ ምላሱ ከብዷል፣ ቃሉ ይጎተታል። ስትሮክ መትቶት ኖሯል። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ከዚያ ነው ጠበል የገባው።

«እኔ ነኝ እንዳይነግሩሽ የከለከልኩት» አለኝ። «በዚህ አፌ ባወራሽ ትደነግጫለሽ ብዬ። ኧረ ለመሆኑ ሞቴን ማን ነገረሽ?»

«ሕልም አይቼ ነው አባዬ» አልኩት። ምን ልበለው? እውነቱን የነገርኩት ይኸው ለእናንተ ነው።

«ሕልምሽ ጥሩ ነው፤ ሰው አወቅኩበት። የእድሩ ሊቀመንበር ለቅሶዬ አልመጣም አሉ። ሲሻለኝ እጠይቀዋለሁ።»

ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። «አባዬ፣ አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። የዛን ቀን እንዳይደብቁኝ። ወዲያው ይንገሩኝ።»

«የዛን ቀን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ልጄ? እናትሽን ጠይቂያት» ብሎ ስልኩን ሰጣት።

«ሰምተሻል አይደል እማዬ? ሽማግሌ አልፈልግም። በስልክ ንገሪኝ።»

«እሺ» አለች። ድምፏ ከጩኸቱ ብዛት ተዘግቷል። «ግን አጠገብሽ ማን አለ?»

«አሁን?»

«የዛን ቀን። እኔ ስልኩን ስዘጋ ማን ይይዝሻል? ማን ውሃ ያቀምስሻል? ሰው ካለሽ ስሙን ንገሪኝ፣ ቁጥሩን ስጪኝ። ለሱ እነግረዋለሁ።»

በሐሳቤ ሰው ፈለግኩ። ክፍል አብረውኝ የሚማሩት፣ ጠዋት ጠዋት የማጥባቸው አሮጊቶች፣ አውቶቡስ ላይ ፈገግ የምትልልኝ ሴት። ስሟን እንኳ አላውቀውም።

«ሰናይት? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ።»

«እንግዲያው ሰው እስክታገኚ ድረስ፣ አባትሽ ደህና ነው» አለችኝ።