ዳማከሴውን የቀጠፍኩት እኔ ነኝ

የሰው አፍ በድንገት ሲጣመም «ምች ይሆን ወይስ ሌላ?» ብላችሁ አታውቁም?

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቢቸና፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን አያ ይግዛው መቀሱ ከእጃቸው ወደቀ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አፋቸው ተጣመመ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ።

«ስትሮክ ነው! አሁኑኑ ሆስፒታል!» አልኩ።

«ምች ነው ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር» አሉ ባለቤታቸው። እናቴማ፣ «ትናንት ተመርቀሽ ዛሬ ታሟርቻለሽ? ሂጂ ዳማከሴ ቀጥፊ!»

ሄጄ ቀጠፍኩ። አራት ዓመት ጤና የተማርኩት ለዚህ ነው እንግዲህ!

ቅጠሉ ታሸ፣ ትንሽ ይተኙ ተባለ። ሆስፒታል የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው።

«ስንት ሰዓት ጀመራቸው?» አለች ሐኪሟ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

ሰዓቷን አየችና «ዘግይታችኋል» አለች። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ እሱም ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከታየ።

ለካ የደም ግፊት ኪኒናቸውንም «ተሽሎኛል» ብለው ትተውት ኖሯል።

በሕይወት አሉ። መርፌ የሚይዙበት እጅ ግን እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። ተናድጃለሁ፤ ከሁሉም በላይ በራሴ።

ቢቸናም ሞጣም ያላችሁ፣ «ምች ነው» ተብሎ የዘገየባችሁ ሰው ካለ ከታች ጻፉልኝ። እናቶቻችን እኔን ባይሰሙ እናንተን ይሰሙ ይሆናል።