መጀመሪያ የመጣውን እንወቀው

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ናይሮቢ በምትበርድበት በሐምሌ፣ ያሳደጉኝን አጎቴን ቀበርን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ቤት ውስጥ ሰው በታመመ ቁጥር «መጀመሪያ የመጣውን እንወቀው፤ ፍርሃቱ ይደርሳል» ይሉን ነበር።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐኪሙ በሽታቸው ፕሪዮን በሚባል ነገር የሚመጣ የአንጎል ሕመም እንደሆነና መድኃኒት እንደሌለው ነገረን። በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ፣ እንደ ልማዳቸው ለልጄ ጉርሻ ጠቀለሉ። እሷ ግን አፏን ዘጋች።

«አባባ፣ ቫይረስ ነው? ይይዘኛል?»

«ቫይረስማ የራሱ ጂን አለው፤ ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ ይባዛል። ይሄ ጂን እንኳ የለውም። የገዛ ፕሮቲኔ ነው፤ አንዱ አጉል ይታጠፍና ጤነኛውንም እንደ ራሱ ያበላሸዋል። ከጭንቅላቴ ወጥቶ በጉርሻ አይመጣብሽም። ይልቅ ክፈቺ፣ እጄ ዛለ!»

«ሳዋ፣ እሺ አባባ» ብላ እየሳቀች ጎረሰች። ያን ሳቅ ላሰማኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

አሁን ገበታ ስንቀርብ ሁላችንም ትንሽ እንጠብቃለን። የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚሰጠን የለም። ደክሞኛል።

በቀብሩ ዕለት ለቅሶ የመጡ እናቶች በሽታው ልጆች እንዳይዝ ሠግተው፣ የአጎቴ ጋቢ እንዲቃጠል በላስቲክ ቋጥረው በር ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። አልተቀየምኳቸውም። በማግስቱ ጠዋት ልጄን በረንዳ ላይ ብርድ ይዟት ተቀምጣ አገኘኋት። ቋጠሮውን ፈታሁና ጋቢውን አለበስኳት።