ማይክሮፎን ደብቄ ጭድ ተራ የገባሁበት ቀን

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ ተነሣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሣሩ ረጥቧል። አሮጌዋ ኮምቢ መኪናችን አልነሣ ብላ ተገፍታ ነው የወጣችው። እስከ መርካቶ መንገዱ ረጅም አይደለም። ጉዞ ብዬ ስጽፈው የሚስቅብኝ የአዲስ አበባ ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ያደግሁት አሰላ ነው። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት መርካቶ የሄድኩት ብርድ ልብስ ልገዛ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያኔም የጓደኛዬን ክንድ አልለቀቅሁም።

ጊዜው የደርግ ነው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ከማውራቱ በፊት ዞር ብሎ ኋላውን ያያል። ያ ጊዜ ስላለፈ ነው አሁን ይህን ለጋዜጣ የምሰጠው፤ የሰዎቹን ስም ግን ቀይሬያለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ፊልም ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። ክፍሌ ግን አልተለየም ነበር። አዘጋጁ አቶ መኮንን፣ «ዛሬ አብረሽን ውጪ። የእያንዳንዱን ሥራ እዪና የሚሆንሽን ነገ ጠዋት ትነግሪኛለሽ» ብለውኛል። እኔ በልቤ ወስኛለሁ፤ ድምፅ ክፍል። ማዳመጫውን ጆሮ ላይ አድርጎ ዝም ማለት ሥራ የሚሆንበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

አቶ መኮንን ከፊት ከሾፌሩ ጎን ናቸው። ከኋላ ካሜራማኑ ፋሲል፣ ድምፅ የሚቀርጹት ጋሽ ደምሴ፣ እኔ፣ ደግሞም ጓድ ተፈራ። ፋሲል ወሬ ይወዳል።

«ልንገርሽ» አለኝ። «አዘጋጅ ማለት ጣቱን የሚቀስር ሰው ነው። ካሜራማን ጣቱ ወደተቀሰረበት ይሮጣል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ሁላችንንም ዝም በሉ ይላሉ።»

«ጓድ ተፈራስ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ።

«እኔ አስተባብራለሁ» አለ ጓድ ተፈራ ራሱ።

ምን እንደሚያስተባብር የጠየቀው ሰው የለም። እስከ መርካቶ ድረስም ፋሲል ሌላ ቀልድ አላመጣም።

ራጉኤል፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ባሻገር መኪናዋን አቆምን። ሻይ በስሙኒ፣ ቦምቦሊኖው ትኩስ ነው፣ ዘይቱ ጣት ላይ ይቀራል። ተሸካሚዎች ከራሳቸው የሚበልጥ ጥቅል ጭነው «ዞር በል፣ ዞር በይ» እያሉ ያልፋሉ። የጨርቅ ነጋዴዎች መዝጊያቸውን ወደ ላይ እየገፉ ይከፍታሉ። ብረት ይንኳኳል፣ ሰው ይጣራል፣ አህያ ይነዳል። አቶ መኮንን ይህን ሁሉ ከነድምፁ ነው የሚፈልጉት።

ፋሲል ካሜራውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ገበያው ሠርግ መሰለ። ሊስትሮው ፀጉሩን በውኃ አስተኛ። አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን ቆልፈው ከሱቃቸው በር ላይ እንደ ዘብ ቆሙ። ካሜራማንን ሰው ይወደዋል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ ረጅሙን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ማይክሮፎን የታሰረበትን፣ ወደ ሰዉ ዘረጉ።

ገበያው ዝም አለ። የጨርቅ ነጋዴው ሜትሩን እንደዘረጋ ቀረ። ሁለት ሴቶች የጀመሩትን ክርክር በምልክት ጨረሱት።

«ጋሼ፣ እሷን ዱላ ወደዚያ ያዙልን» አለ ነጋዴው በትሕትና። «ፎቶውን ግን አንሡን።»

«ምን ሆነ? ታዳምጣለች እንጂ አትነክስም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ብትነክስማ ቡችላዋን አሳድግ ነበር።»

ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ማይክሮፎኑ ወደ ሳቁ ሲዞር ሳቁም ቆመ።

ያን ጊዜ ነው የሁለቱ ሥራ ልዩነት የገባኝ። ፊት የሁሉም ነው፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም አይከሰስበትም። ከአፍ የወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዉ ከዓይን ይልቅ ጆሮን ይፈራል። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሸከሙ ስንት ዓመት እንደኖሩ አላውቅም፤ ዘንጉን ሲያጥፉ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

ሰባተኛ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ሰባተኛም ያው ነው። ከሱቅ ሱቅ ተዘዋወርን። ማይክሮፎኑ በደረሰበት ሁሉ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ዋጋ በጣት ይነገራል፣ ጭራሽ አንዱ ነጋዴ «መንግሥታችን ይኑርልን» ብሎ ወደ ጫፉ ተናገረ።

«መርካቶን ቀብር አደረጋችሁት» አሉ አቶ መኮንን። የአዘጋጅ ሥራ ይኼም አለበት፤ ባልተሠራው ሁሉ መቆጣት።

ሐሳቡን ያመጣው ጓድ ተፈራ ነው። እስከዚያ ድረስ ከኋላችን እየተከተለ የሱቆቹን በር ከማየት በቀር ምንም አልሠራም።

«ማይክሮፎኑን ይቺ ልጅ ትያዘው» አለ። «በነጠላዋ ውስጥ። እሷን ማን ልብ ይላታል?»

ነገሩ ቶሎ ተበጀ። ጋሽ ደምሴ ዘንቢል ገዝተው የድምፅ መቅጃውን ከሥር አስቀመጡ፤ ላዩ ላይ ድንች ሞሉበት። ሽቦውን በክንዴ አሳልፈው ማይክሮፎኑን ከነጠላዬ እጥፋት ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያያዙት። ፋሲል በጭድ ተራ አንዱ ጫፍ ካሜራውን ደግኖ ሰዉን ወደ ራሱ ሊስብ፣ እኔ በሌላው ጫፍ እንደ ገበያተኛ ልዘዋወር።

«እንዳትነኪው» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «መናገርም አያስፈልግሽም።»

እውነቱን ለመጻፍ፣ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው የድምፅ ሥራዬ ነው።

ጭድ ተራ፣ ስምንት ሰዓት

ጭድ ተራ ከሌላው መርካቶ ቢጫ ነው። ጭድ በማዳበሪያ፣ ጭድ በእስር፣ ጭድ በመሬት። አንዱ ለጭቃ ቤት ምርጊት ይገዛል፣ ሌላው ለፍራሽ፣ ሌላው ለጋሪ ፈረስ፣ ዕንቁላል ነጋዴዎች ደግሞ ለማሸጊያ። ብናኙ አፍንጫ ይበላል። ማስነጠስ ይዞኝ ቴፑን አበላሸሁት ብዬ ተጨነቅሁ።

በተራው ማዶ ፋሲል ካሜራውን ሲያነሣ ሰዉ ወደ እሱ ፈሰሰ። ቦታዋን ያልለቀቀች አንዲት ጭድ ሻጭ ነበረች፤ እትዬ ዘሃራ ይሏታል። ቁና የሚያህል በርጩማ ወደ እኔ ገፋች።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ክንድሽ ሊገነጠል ነው። ምን ተሸክመሽ ነው?»

«ድንች።»

«ድንች እንዲህ ያጎብጣል? ድንጋይ ነው የሸጡልሽ። ከማን ገዛሽ? ነይ አብረን ሄደን እናስለውጠው።»

«አይ፣ ደህና ነው» አልኩ፤ ዘንቢሉን ወደ እግሬ ሳብ እያደረግሁ።

«ዓይን አፋር ናት» አለች ለራሷ። ከጉያዋ በቆሎ አውጥታ ግማሹን ሰበረችልኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። በቆሎውን እየበላሁ ሳለ ጭድ የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ከአጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ ወረደ፤ ሸሚዙ በላብ ከገላው ጋር ተጣብቋል።

«መቼ ነው የሚራገፈው?» አላት።

«ጭዱን አሁን» አለች እትዬ ዘሃራ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጤፉን ሲመሽ። ከሥር ነው አይደል ያስቀመጥከው?»

«ከሥር ነው። ኬላው ላይ ብረት እየወጉ ሲፈትሹ ነፍሴ ወጥታ ነበር። በሁለት ጣት ነው የሳቱት።» ከዚያ እኔን አየኝ። «ይቺ ማናት?»

«ድንች የገዛች ልጅ ናት። ምን ታደርግሃለች?»

ለወጣት አንባቢ ልንገር። በዚያን ጊዜ እህል ከክፍለ ሀገር በግል ጭኖ ኬላ ማለፍ ያሳስራል፤ ጭነቱም መኪናውም ይወረሳል። ከቀበሌ ሱቅ የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ቤት ከወር ወር አያደርስም። ስለዚህ ጤፍ በጭድ ሥር ይመጣል፤ ሰፈሩ ተካፍሎ ይበላል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እነሱ ግን ተናገሩት፤ ያውም ስሟንም ሥራዋንም ባወቅኋት ሴት አፍ፣ ከጡቴ በላይ ለተሰካ ማይክሮፎን።

ተነሣሁ። በቆሎው በእጄ ነው።

«ጨርሺው እንጂ» አለችኝ።

ኮምቢዋ ውስጥ፣ አሥር ሰዓት

ጋሽ ደምሴ ቴፑን ወደ ኋላ መልሰው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ጓድ ተፈራ ፊት ለፊታቸው ነው የተቀመጠው፤ የሚያየው ቴፑን ሳይሆን የጋሽ ደምሴን ፊት ነው። እኔም ያንኑ አያለሁ። ከንፈራቸው አልተነቃነቀም።

«ምን ይላሉ?» አለ ጓድ ተፈራ።

«ገበያ ነው።»

«ገበያ ምን ይላል?»

«ዋጋ ይላል።»

ማዳመጫውን አወለቁ። የት ላይ እንዳወለቁት አላወቅሁም። እትዬ ዘሃራ ጋ ደርሰው ይሁን ሳይደርሱ፣ ሰምተው ለሌላ ጊዜ አስቀምጠውት ይሁን፣ ከፊታቸው የሚነበብ ነገር የለም። ፋሲልንም ጠረጠርኩት። ሰዉን ከእትዬ ዘሃራ ዙሪያ አጥርቶ የወሰደው ለምን ነበር?

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኔም ልስማው» አለ ጓድ ተፈራ። «ጭድ ተራ የሚሸጠው ጭድ ብቻ አይደለም ይባላል። ያቺ በርጩማ የሰጠችሽ ሴትዮ ደግሞ ለጭድ ሻጭ ጭነቷ በዛብኝ።»

እያየኝ ነበር ማለት ነው። የነጠላው ሐሳብ ከመጀመሪያውም ለፊልም እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ አባት ለልጁ እንደሚናገር፣ «ሥራ ይሆንልሻል። እኔም ረዳት ያስፈልገኛል» አለኝ።

አቶ መኮንን ከፊት ሆነው ስለ ነገው ብርሃን ያወሩ ነበር። ሁላችንም አንድ መኪና ውስጥ ነን፤ አንድ ፊልም እንሠራለን። ማን ለማን እንደሚሠራ ግን ከሾፌሩ ጀምሮ ስቆጥር አንዱንም በእርግጠኝነት መናገር አልቻልኩም። እነሱስ እኔን ምን ብለው ይቆጥሩኝ ይሆን?

ረቡዕ ጠዋት

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። ጋሽ ደምሴ ቀድመውኛል። የድምፅ ክፍሉን በር ከፍተው ዳቦ በሻይ እያጠቀሱ ነው።

«ጋሼ፣ በመቅጃው ልለማመድ ፈልጌ ነበር።»

ዳቦውን አስቀመጡ።

«ልምምድ ጥሩ ነው» አሉ። «ቀዩን ቁልፍ ከመጫንሽ በፊት የትኛው ቴፕ እንደገባ እዪ። የድሮው ድምፅ ይጠፋል፤ አይመለስም።»

ብርጭቆአቸውን ይዘው ወጡ። ማስጠንቀቂያ ይሁን፣ መንገድ ማሳየት ይሁን፣ ወይስ ሄደው ሊናገሩብኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የገባው ቴፕ የጭድ ተራው ነበር። ትናንት እሳቸው እንደተዉት ይሁን ዛሬ ጠዋት አስገብተውት፣ እሱንም አላውቅም።

ቴፑን ወደ መጀመሪያው መልሼ ቀዩን ቁልፍ ጫንኩ። መንኮራኩሮቹ ሲዞሩ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። የምናገረው አልነበረኝም። እስከሚያልቅ ድረስ አልተነሣሁም።

ሦስት ሰዓት ላይ አቶ መኮንንና ጓድ ተፈራ አብረው ገቡ። ቀድሜ ተናገርኩ። «ስለማመድ የጭድ ተራውን ቴፕ አጥፍቼዋለሁ።»

«ምን አልሽ?» አሉ አቶ መኮንን። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ያህል ተቆጡ። ቀኑን ሙሉ የደከሙበት ሥራ ነው፤ የሚቆጡበት ምክንያት ነበራቸው። «ድምፅ ይሆንሻል ብዬ ነበር። በቃ፣ ጽሕፈት ክፍል ግቢ፤ ስክሪፕት ትተይቢያለሽ። ከእንግዲህ ይህን ክፍል እንዳላይሽ።»

«እሺ» አልኩ።

ጓድ ተፈራ አልተቆጣም። «ቁልፉን ማን አሳየሽ?» አለኝ።

«ማንም አላሳየኝም።»

ቀረብ ብሎ መቅጃው ፊት ተቀመጠ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አስተካክሎ ቴፑን ከመጀመሪያው አስነሣው። ጥቂት ቆይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእኔ ትንፋሽ ነው» አልኩት።

አላወለቀውም። ምናልባት ከሥሩ ሌላ ድምፅ ይኖራል ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ማዳመጫው ላይ ተጭኖ ያዳምጥ ጀመር። እኔም እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።