የዝናሽ ግዝት

ዝናሽን የማውቃት ከመካነ ብርሃን ነው። የእናቷና የእናቴ ቤት አጥር ለአጥር ነው። አዘዞ፣ እኔ ወደምሠራበት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መጀመሪያ ስትመጣ፣ በ2012፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። የክትትል ቅጹ «ወደ ሴተኛ አዳሪነት የገባችበት ምክንያት» የሚል መስመር አለው። ሳልጠይቃት «ችግር» ብዬ ጻፍሁ። አይታ አሰረዘችኝ።

የነገረችኝ እንዲህ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ እቴነሽ የምትባል ሴት አረቄ ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋ መቅዳት ብቻ ነበር። ቆማ ለመዋል ጫት ለመደች፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ አረቄ። ጫቱን የሚያመጡላት ጠጪዎቹ ነበሩ። ወደ ጓዳ ሲጠሯት ስምንት ወር እየሳቀች አሳለፈቻቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳትቅም ውላ ራሷን ሲፈልጣት፣ አንዱ የጫት እስሩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ተከተለችው።

«ሥራው አይደለም መጠጥ ያስለመደኝ» አለችኝ። «ሱሱ ነው እጄን ይዞ ያስገባኝ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍሁ።

በ2013 የንስሐ አባቷ አባ ኪዳነወልድ ለጥምቀት ከመካነ ብርሃን ጎንደር ወርደው ነበር። ሄዳ ለመነቻቸውና አረቄ እንዳትቀምስ በሚካኤል ስም ገዘቷት። ለእሷም ለእሳቸውም ሱስ በግዝት የሚቆም መስሏቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ተንቀጥቅጣ ወደቀች። እቴነሽ ያዳነቻት መስሏት ጥርሷን ፈልቅቃ አረቄ አፏ ውስጥ አንቆረቆረች። ዝናሽ ስትነቃ ግዝቷ ፈርሷል።

ከዚያ ወዲያ አገሯ መግባት ፈራች። ግዝት ያፈረሰ ሰው እናቱ ደጅ መዓት ይዞ ይገባል ትል ነበር። ሌላ ቄስ ይፍታሽ ብላት፣ ያሰረኝ ይፍታኝ አለች። አባ ኪዳነወልድ በስልክ፣ አፏ ንጹሕ ሆኖ ፊቴ ትቁም ብለው ነበር። መንገዱ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሳትጠጣ አትደርስም፤ ጠጥታ ፊታቸው አትቆምም።

ሁለት ጊዜ ሞከረች። ሁለተኛው ግንቦት 11 ቀን 2014 ነው። በውኃ ፕላስቲክ የያዘችውን አረቄ ደባርቅ ላይ ደፋችው። መኪናው ከተማውን ሳይለቅ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወረደች፣ ሌላ ገዝታ ጠጣች፣ በመጣችበት ተመለሰች።

እናቷ እትዬ ሸዋረግ በየሳምንቱ እየደወሉ ልጄን አየሻት ወይ ይሉኝ ነበር። ደህና ናት እላቸው ነበር። ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው ያየውን አያወጣም፤ ይህን ደንብ አንድም ቀን ጥሼው አላውቅም።

ኅዳር 2015 በጉበት በሽታ ሞተች። አስከሬኗን ጭነን፣ ደባርቅን አልፈን፣ መካነ ብርሃን አደረስናት። አባ ኪዳነወልድ ሳጥኑ ላይ መስቀላቸውን አሳርፈው ከግዝቷ ፈቷት። እትዬ ሸዋረግ፣ የምን ግዝት፣ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከቀብር መልስ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ጠጥታም ቢሆን ትምጣ እል ነበር እኮ» አሉ። «ምነው አንቺ ልጅ፣ ሳትነግሪኝ?»