ነጋዴ ባሕር ላይ የቆመው ቪዲዮ

ኮምፒውተሬ ቪዲዮ ሲያወርድ ይግላል፤ ከማራገቢያው የሚወጣው የሞቀ አቧራ ሽታ ወደ ሸሕዲ፣ ወደ ተወለድኩባት የጠረፍ ከተማ ይመልሰኛል።

ልጅ ነበርኩ። የሰሊጥ አጫጆች በረሃ ከመግባታቸው በፊት ስልካቸውን ዘፈን የሚያስሞሉበት ሱቅ ውስጥ ከአባቴ ጋር ተቀምጠናል። እኔ ሳልወለድ በመተማ በኩል ከአገር የወጣው አጎቴ ባሕር ማዶ ሲዘምር የተቀረጸ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አለ ተብሎ ነው የመጣነው። አባቴ የወንድሙን ድምፅ ከሰማ ዘመን አልፎታል።

ባለሱቁ ማውረድ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ይረዝማል።

«የት ደረሰ?» አለ አባቴ።

«ሩብ ሆኗል ጋሼ።»

«እንግዲያ ጎንደርን ለቆ ወደ እኛ መንገድ ጀምሯል።»

ግማሽ ሲሞላ «አይከል ከተማ ገባ» አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋና መስመሩ ቆመ። አባቴ ላቡን ጠረገ።

«ነጋዴ ባሕር ከተማ ላይ ቆሞ ነው። መኪና እዚያ ይበላሻል፤ ይመጣል።»

አመንኩት። አጎቴ መንገድ ዳር ቆሞ ጎማ ሲያስቀይር ታየኝ።

ብዙ ቆይቶ መስመሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሞላ።

«ገባ!» አለ ባለሱቁ።

አባቴ ብድግ አለ። ኮፍያውን አወለቀ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። አጎቴ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ጎንበስ ብሎ፣ «እንኳን ደህና ገባህ ወንድሜ፤ መንገዱ አልጎዳህም?» አለው።

ሱቁ ሙሉ ሰው ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

አሁን የማወርደው አባቴ በእህቴ ሠርግ ላይ ሲመርቅ የተቀረጸውን ነው። ካረፈ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። መስመሩ ሞላ።

ከወንበሬ ተነሣሁና የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፍኩ።